በነባር የጡብ ፋየርፕሌስ ውስጥ የእንጨት ምድጃ አተካከል

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠሩ ቤቶችን ገዝተን የገባን ሰዎች ብዙውን ጊዜ ሳሎናችን ውስጥ በቀይ ጡብ የተገነባ ፋየርፕሌስ፣ ማለትም ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ክፍት የእሳት ማንደጃ፣ እናገኛለን። እኔም ቤቴን በገዛሁበት ዓመት የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል እሳቱን አንድጄ ቤተሰቡን ዙሪያውን ሰብስቤ ነበር፤ ፊታችን ሲለበለብ ጀርባችን በረደን፣ ፎቅ ላይ ያለውን የልጆቹን መኝታ ክፍልም ከወትሮው ቀዝቅዞ አገኘነው። ክፍት እሳት ሲነድ ብዙ አየር ይስባል፤ የሚስበውም በማሞቂያ ያሞቅነውን የቤቱን አየር ሲሆን፣ በወጣው ልክ የውጭ ብርድ በበርና በመስኮት ስንጥቅ ይገባል። ከማገዶው ሙቀት ለክፍሉ የሚተርፈው ከ10 በመቶ ብዙም አይበልጥም። መስታወት በር ያለው ዘመናዊ ምድጃ ግን እንጨቱን በተመጠነ አየር አንድዶ፣ ጭሱንም ጭምር አቃጥሎ፣ ከሙቀቱ 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ወደ ቤቱ ይመልሳል።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ምድጃ መግዛትን ነው። ይሁን እንጂ የሥራው ክብደት ያለው ምድጃው ላይ አይደለም፤ ከጣሪያው በላይ እስኪወጣ ድረስ ባለው የጭስ ማውጫ ላይ ነው። በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ በናረ ጊዜ በአሜሪካ እጅግ ብዙ ምድጃዎች ፋየርፕሌስ ውስጥ እየተገፉ ገብተዋል፤ ብዙዎቹም ጭሳቸውን በአጭር ቱቦ፣ አንዳንዶቹም ያለ ምንም ቱቦ ወደ ሰፊው የጡብ ጭስ ማውጫ እንዲለቁ ተደርገው ነበር። የምድጃ ጭስ ከክፍት እሳት ጭስ ያነሰና ቀስ ብሎ የሚጓዝ ስለሆነ፣ ሰፊና ቀዝቃዛ ቦታ ውስጥ ሲገባ ተንኑ ግድግዳው ላይ እየረጋ ክሪዮሶት የሚባለውን ተቀጣጣይ ቅባት ይሠራል። ይህ ነገር አንድ ቀን ከተያያዘ የጭስ ማውጫው ውስጥ ሙቀት 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሊደርስ ይችላል።

አንድ ወዳጄ የገዛው ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ምድጃ ነበረ። ለሁለት ወደ ፊት ስንጎትተው ከበስተኋላው ሁለት ጫማ የማይሞላ ቱቦ ተከትሎ ወጣ። ባትሪ አብርተን ወደ ላይ ስናይ ጡቡ እንደ ቀለጠ አስፋልት በሚያብረቀርቅ ጥቁር ንብርብር ተለብጧል፤ በመሮ ጫፍ ስንመታውም እንደ መስታወት ተሰነጠረ። ቤተሰቡ ከዚያ በፊት በነበረው የብርድ ወራት በየማታው ያነድበት ነበር።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ፋየርፕሌስዎ በእርግጥ ከጡብ የተገነባ መሆኑን ያረጋግጡ። ከ1970ዎቹ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ቤቶች፣ በተለይም በታውንሃውሶች ውስጥ፣ ያለው ፋየርፕሌስ ፋብሪካ የሠራው የላሜራ ሣጥን ነው፤ ፊቱ ጡብ ስለተለጠፈበት ብቻ ያሳስታል። ውስጡን በእጅዎ ሲያንኳኩት የብረት ድምፅ ከሰጠ፣ ከላይና ከታች የአየር መግቢያ ስንጥቆች ካሉት፣ ወይም ጣሪያው ላይ የሚታየው በእንጨት ሣጥን መሐል የቆመ ክብ የብረት ቱቦ ከሆነ የጡብ ሥራ አይደለም። በእንዲህ ያለው ሣጥን ውስጥ ምድጃ ማስገባት የሚቻለው የሁለቱም አምራቾች ጽሑፍ በግልጽ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው መመሪያም ለእርሱ አይሆንም።

የጡብ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የጭስ ማውጫ ባለሙያ ጠርተው ሁለተኛ ደረጃ የሚባለውን ምርመራ ያስደርጉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 211 በተባለው ደንቡ ማንደጃው በሚለወጥበት ጊዜ ይህ ምርመራ እንዲደረግ ይጠይቃል። ባለሙያው ጭስ ማውጫውን ካስጠረገ በኋላ ካሜራ ያወርዳል፤ እርስዎም አጠገቡ ቆመው ስክሪኑን ይመልከቱ። ከውስጥ የተደረደሩት የሸክላ ቱቦዎች ተሰንጥቀው፣ በመካከላቸውም ያለው ሲሚንቶ ረግፎ ሊያዩ ይችላሉ። ኮርኒሱ ላይ ወጥቶ የጣሪያው እንጨት ከጡቡ ምን ያህል እንደሚርቅ እንዲለካም ይጠይቁት። ደንቡ በቤት ውስጥ ለሚያልፍ ጭስ ማውጫ 2 ኢንች፣ በውጭ ግድግዳ ላይ ለተሠራ 1 ኢንች ክፍተት ይፈልጋል፤ በአሮጌ ቤቶች ግን ማገሩ ጡቡን ነክቶ መገኘቱ የተለመደ ነው። ለዓመታት ሙቀት ሲመላለስበት የኖረ እንጨት ደግሞ ከአዲስ እንጨት ባነሰ ሙቀት ይቀጣጠላል።

የተከላውን ፈቃድ ከካውንቲው (ከአካባቢው አስተዳደር) አስቀድመው ያውጡ፣ ለቤት ኢንሹራንስዎም ያሳውቁ።

ምድጃ ለመምረጥ የፋየርፕሌሱን አፍ ስፋትና ቁመት፣ የውስጡን ጥልቀት፣ እንዲሁም የኋለኛውን ስፋት ይለኩ፤ የኋላው ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ይጠብባል። ፋየርፕሌሱ ውስጥ ገብቶ ፊቱን በሽፋን የሚዘጋ ዓይነት አለ፤ በእግሩ ቆሞ ከፊሉ ወደ ክፍሉ የሚወጣም አለ። ቦታ ካለዎት እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ጎኑና አናቱ ክፍሉ ውስጥ ስለሆነ መብራት ቢጠፋና ማራገቢያው ቢቆም እንኳ ሙቀቱን ይሰጣል። በሁለቱም ምርጫ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲን የ2020 መስፈርት ያሟላ ይሁን፤ ይህ መስፈርት በሰዓት ከ2 ግራም፣ በተራ ፍልጥ ለተፈተነ ደግሞ ከ2.5 ግራም ያልበለጠ የጭስ ብናኝ ብቻ ይፈቅዳል።

ከፊት ለፊት ያለው ወለልም ይለካ። ከምድጃው በር ፊት ቢያንስ 16 ኢንች፣ ከበሩ ግራና ቀኝ 8 ኢንች የማይቃጠል ንጣፍ ያስፈልጋል፤ አንዳንድ ምድጃ ከዚህ የሰፋ ወይም ሙቀት የሚከላከል ውፍረት ያለው ይጠይቃል። ከላይ ያለው የእንጨት መደርደሪያ ስንት ኢንች መራቅ እንዳለበት የምድጃው መመሪያ በአኃዝ ይነግርዎታል፤ ያንን አኃዝ በግምት አይቀንሱት።

ወደ ቱቦው እንምጣ። ከምድጃው አናት እስከ ጭስ ማውጫው ጫፍ ድረስ ሳይቋረጥ የሚሄድ፣ ብዙውን ጊዜ 6 ኢንች ስፋት ያለው፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ ተጣጣፊ ቱቦ ያስገቡ። ለጋዝ ማሞቂያ የሚሸጠው የአሉሚኒየም ቱቦ ለእንጨት እሳት ፈጽሞ አይሆንም። ደንቡ ውጭ ግድግዳ ላይ ያለ ጭስ ማውጫ የውስጥ ስፋቱ (ቁመት በወርድ ሲባዛ) ከምድጃው የጭስ መውጫ ቀዳዳ ስፋት 2 እጥፍ፣ ቤት ውስጥ የሚያልፍ ደግሞ 3 እጥፍ እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ውስጡ 11 በ11 ኢንች የሆነ የሸክላ ቱቦ ከ6 ኢንቹ ክብ ከ4 እጥፍ በላይ መሆኑን ስናሰላ፣ አዲሱ ቱቦ ለምን እንደማይቀር ይገባናል። ቱቦው በሙቀት መከላከያ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይግባ። ጭሱ እስከ ጫፍ ሳይቀዘቅዝ እንዲወጣ ያደርገዋል፣ ማገሩ ጡቡን በነካበትም ቤት ለዚሁ ተፈትኖ የተፈቀደ ቱቦ ከመከላከያው ጋር ያንን አደጋ ያስወግዳል።

ቱቦው ከጣሪያ ወደ ታች ነው የሚገባው። አንድ ሰው ከላይ ያወርዳል፣ ሌላው ከታች በገመድ ይመራል። የሚያስቸግረው ዳምፐር የሚባለው የብረት ክዳን ያለበት ጠባብ ጉሮሮ ነው። ክዳኑን አውልቀው ያውጡት፤ ክፈፉም ካልበቃ የምድጃው መመሪያ እስከፈቀደው ድረስ ብቻ በግራይንደር ይቁረጡት። በፋየርፕሌሱ አፍ ላይ ጡቡን የተሸከመውን ሊንቴል ግን አይንኩ። ክፈፉን ከቆረጡ ፋየርፕሌሱ ወደ ክፍት እሳት እንዳይመለስ የሚያስጠነቅቅ የብረት ጽሑፍ ከምድጃው ጋር ይመጣልና ውስጡ ላይ ይሰኩት፤ ከእርስዎ በኋላ ቤቱን የሚገዛው ሰው ያነበዋል።

ምድጃው ብዙ ጊዜ ከ150 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን በጋሪና በሦስት ሰው ይግባ፤ ውሃ ልክ ተደርጎበት ከተስተካከለ በኋላ ቱቦው በማያያዣው ላይ ቢያንስ በሦስት ብሎን ይጠበቅ። ከማያያዣው በላይ ተጨማሪ ቱቦ ካለ፣ የላይኛው ጫፍ ወደ ታችኛው ውስጥ እንዲገባ ያድርጉ፤ የሚንጠባጠብ ክሪዮሶት ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ እሳቱ ተመልሶ ይቃጠላል።

ብዙ ጫኚዎች የሚዘሉት አንድ ሥራ አለ፣ እርሱም ጉሮሮውን መዝጋት ነው። ቱቦው ካለፈ በኋላ ዙሪያው ክፍት ከቀረ የምድጃው አናት የሚያሞቀው አየር ሁሉ ወደ ባዶው የጡብ ጉድጓድ ሽቅብ ይሄዳል፤ ጭስ ማውጫው ውጭ ግድግዳ ላይ ከሆነ ደጁን እያሞቁ ነው ማለት ነው። በካርቶን ቅርጹን ቆርጠው ይለኩ፣ ካርቶኑን ላሜራ ላይ አኑረው ይቁረጡ፣ ቱቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ከፍተው በሁለት ክፋይ ይግጠሙት። ከላሜራው በላይ የድንጋይ ሱፍ ጠቅጥቀው ጠርዙን ሙቀት በሚችል ማሸጊያ ይድፈኑ። ግድግዳ ውስጥ የሚገባው የተለመደው የመስታወት ሱፍ ለዚህ አይሆንም፣ በሙቀት ይቀልጣልና። እኔ ይህን ሥራ የሠራሁት ምድጃው ከተተከለ ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር፤ ያው ምድጃ በያው ማገዶ ቀድሞ ደርሶበት የማያውቀውን ኮሪደር አሞቀ።

ጣሪያ ላይ ቱቦው በብረት ሽፋን ተይዞ፣ ሽፋኑ በሲሊኮን ታሽጎ፣ ከላይ ዝናብና ወፍ የሚከለክል ቆብ ይደፋበታል። ጫፉ ጣሪያውን ከሚያልፍበት ቦታ ቢያንስ 3 ጫማ፣ በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ ካለው ማንኛውም የጣሪያ ክፍል ደግሞ 2 ጫማ ከፍ ማለት አለበት። ከምድጃው እስከ ጫፍ ያለው ቁመት ከ15 ጫማ ሲያንስ ጭሱ ይሰንፋል፣ በር በከፈቱ ቁጥርም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። የማብሰያ ቤቱ ጭስ መሳቢያም እየሠራ ከሆነ ጭሱን ወደ ቤት ሊስበው ስለሚችል፣ እሳት ሲያቀጣጥሉ ያጥፉት። በየፎቁ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ይኑር።

ሥራው በካውንቲው ባለሙያ ታይቶ ካለፈ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት እሳቶች በጭራሮና በቀጫጭን ፍልጥ ብቻ ያንድዱ፤ ቀለሙ እስኪጠና ድረስ ይሸታል፣ ስለዚህ መስኮት ይከፈት። የበሩን ማሸጊያ ገመድ ለመፈተን አንድ ወረቀት በበሩ ላይ አድርገው ይዝጉና ይሳቡት፤ ሳይዝዎት ከወጣ ማሸጊያው አየር ያስገባል።

የማገዶው እርጥበት ከ20 በመቶ በታች መሆን አለበት። በዚህ አካባቢ የሚሸጠው የኦክ እንጨት ተፈልጦ ከተደረደረ በኋላ ሁለት ዓመት ሊፈልግ ይችላል። መለኪያውን ፍልጡ ጫፍ ላይ አይሰኩት፤ አንዱን እንደገና ፈልጠው በአዲሱ ፊት ላይ ይለኩ። ደረቅ ፍልጥ እርስ በርሱ ሲጋጭ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ እርጥቡ ግን ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ማታ አየሩን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ እሳቱን እያጨሱ ማሳደርም እርጥብ እንጨት እንደ ማንደድ ነው፤ ሁለቱም ቱቦውን በክሪዮሶት ይሞሉታል። ቱቦው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ፣ ንብርብሩ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስም ይጠረግ።

አመዱን በሚያወጡበት ጊዜ እናቶቻችን ማታ ያዳፈኑትን ፍም ጠዋት ገልጠው ያቀጣጥሉበት እንደነበር ያስታውሱ፤ የቀዘቀዘ የሚመስል አመድ ለቀናት ረመጥ ይይዛል። ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ዝቀው፣ ከእንጨት በረንዳና ከቆሻሻ መጣያው አርቀው፣ መሬት ወይም ድንጋይ ላይ ያስቀምጡት።