ስም ከሌለው ማኅደር የተገኘው የእህቴ ጽሑፍ

የቤታችን ኮምፒውተር በቫይረስ ተበክሎ ነበር። ታናሽ እህቴ ስለ ፋሲል ግቢ የጻፈችውን የታሪክ ሥራ ፒያሳ ወርዳ ልታሳትም ፍላሿ ሲከፈት፣ ጥግ ላይ ቀስት ያለበት አንድ አቋራጭ (ሾርትከት) ብቻ ተገኘ። እያለቀሰች ተመለሰች።

ሁሉም «ፎርማት ይደረግ» አሏት፤ እኔ ግን አጥብቄ ከለከልሁ። ፍላሹ አሁንም 3 ጊጋባይት መያዙን ያሳያልና። ፋይሎቹ ቢጠፉ ኖሮ ቦታው ይለቀቅ ነበር፤ ስለዚህ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም።

ከጎረቤት ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱን፣ ማለትም በዊንዶውስ ምትክ ኮምፒውተር የሚያስነሣ ሌላ ሥርዓት፣ በሌላ ፍላሽ አዘጋጅቼ የእኛን ኮምፒውተር በእርሱ አስነሣሁት። ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ እዚያ አይነሣም፤ ዊንዶውስ የሚሰውረውንም ማኅደር (ፎልደር) ኡቡንቱ ይገልጠዋል። ስም የሌለው፣ ባዶ ቦታ ብቻ የተጻፈበት ማኅደር ታየኝ። ስከፍተው 14ቱም ገጽ አለ፤ «ዩኔስኮ ፋሲል ግቢን በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዘገበው» የሚለው መግቢያዋ ሳይቀር። እህቴ እጄን ጨብጣ አልለቅ አለች።

ሰነዶቹንና ፎቶግራፎቹን ብቻ ቀዳሁ። አቋራጩንና የማላውቃቸውን ፋይሎች አልነካሁም፤ ቫይረሱ የሚሻገረው በእነርሱ ነው። ፍላሹን ፎርማት ያደረግሁት ቅጂው መከፈቱን ካየሁ በኋላ ነው፤ ከዚያ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫንሁ።