ካያክ ለመጀመር ስናስብ የምንሠራቸው ስህተቶች፦ ለሰሜን ሸዋ ልጆች

እኛ ውኃን የምናውቀው በወንዝ ነው። ካያክ (በመቅዘፊያ የሚነዳ ጠባብ ቀላል ጀልባ) መቅዘፍ ያማረው የደብረ ብርሃን ወይም የደብረ ሲና ልጅ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጀማ ወይም ስለ ሮቢ ነው። ከባዱ ስህተትም እዚሁ ላይ ነው።

ወንዝ ላይ መጀመር

ጣርማበር ላይ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ 2,840 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ እስከ ሸዋ ሮቢት መሬቱ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወርዳል። ደጋ የዘነበው ዝናብ ያን ሁሉ ቁልቁለት ተንደርድሮ ነው ቆላ የሚደርሰው። ታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ ይመጣል። ደራሽ ውኃ የምንለው ይህንን ነው። ካያክ ላይ የተቀመጠ ጀማሪ ድምፁን ሰምቶ ዳር እስኪወጣ አይጠብቀውም።

ጀማም የደጋውን ወንዞች ሰብስቦ በጥልቅ ገደል ወደ አባይ ይወርዳል። እዚያ ውስጥ አንድ ነገር ቢደርስብዎት መውጫው በእግር ሽቅብ ነው። በፈጣን ውኃ ላይ ተክነው በካያክ አባይን የወረዱ ሰዎች አሉ፤ እነሱን አይቶ መመኘት ጥሩ ነው። ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት የረጋ ውኃ ላይ ያሳልፉ። ቢሾፍቱ ካያክ የሚገኝባቸው ሐይቅ ዳር ማረፊያዎች አሉ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ቢሾፍቱ 45 ገደማ ነው። እዚያው አድሮ በጠዋት መግባት ይሻላል። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ላይፍ ጃኬቱን ሳያጠብቁ መግባት

«ዋና እችላለሁ» ብሎ ላይፍ ጃኬቱን (ውኃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ሰደርያ) መተው አንድ ስህተት ነው። ለብሶ አለማጥበቅ ሌላ ስህተት ነው፤ ይህኛው በእኔ ደርሷል። በመጀመሪያው ቀን ካያኩ ሲገለበጥ ጃኬቱ ሽቅብ ወጥቶ አፍና አፍንጫዬን ሸፈነኝ። ያከራዩኝ ሰዎች ማሰሪያውን አላዩልኝም ነበር። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት ጓደኛዎ የጃኬቱን ትከሻ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው። ጆሮዎ ጋ ከደረሰ ላልቷል፤ እንደገና ይሰሩት።

መገልበጥን አለመለማመድ

ሁሉም ሰው አንድ ቀን ይገለበጣል። ሳያስቡት ከሚገጥምዎት ዳር አካባቢ፣ ሰው አጠገብዎ ቆሞ፣ ሆነ ብለው ይገልበጡ። እግር ወደ ውስጥ በሚገባበት ካያክ ከሆነ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ የመግቢያውን ጠርዝ በሁለት እጅ ገፍተው እግርዎን ያውጡ። ከወጡ በኋላ ካያኩን አይልቀቁ። እሱ ይንሳፈፋል፤ ከሩቅም ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን ከላይ የሚቀመጡበትን ዓይነት ይምረጡ፤ ሲገለበጥ የሚይዝዎት ነገር የለም።

በክንድ ብቻ መቅዘፍ

አውድማ ላይ በላይዳ ያዘራ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። በክንዱ ብቻ የሚያዘራ ገና ፀሐይ ሳትበረታ ይደክማል። ከወገቡ ዞር እያለ የሚያዘራ ግን ሙሉ ቀን ይውላል። መቅዘፊያም እንደዚያ ነው። ወገብዎን አዙረው ከእግርዎ ጫፍ አካባቢ ውኃው ውስጥ ይክተቱት፤ ዳሌዎ ጋ ሲደርስ ያውጡት። ጎድጎድ ያለው የመቅዘፊያው ፊት ወደ እርስዎ ይሁን። ብዙ ሰው ገልብጦ ይይዘውና «ካያኩ አልሄድ አለኝ» ይላል።

ነፋሱን ተከትሎ መሄድ

ሐይቅ ላይ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ነፋሱ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ጀማሪ ነፋሱ ከኋላው ሲገፋው ደስ ይለዋል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ዞር ሲል ግን ዳሩ ርቋል፣ ክንዱ ዝሏል፣ ነፋሱም ፊት ለፊቱ ነው። ሲነሱ ነፋሱን ተጋፍተው ይሂዱ፤ ሲመለሱ ያግዝዎታል።

ጥጥ ለብሶ መግባት

ብርድ ለምደናል ብለን በጂንስና በጥጥ ሹራብ እንገባለን። ጥጥ ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ሰውነት ያቀዘቅዛል። የበግ ፀጉር ግን ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል፤ ባና የሚለብስ የመንዝ ሰው ያውቀዋል። ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ ካለዎት እሱ ይበቃል። ለፀሐዩ ባርኔጣ ያድርጉ።

የረጋ ውኃ ሁሉ ደህና ነው ማለት

ቆላ ያለ ኩሬ ወይም ቀስ ብሎ የሚፈስ ውኃ ቢልሃርዚያ ሊኖረው ይችላል። በሽታው ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም። አዲስ ቦታ ከመግባትዎ በፊት የአካባቢውን ጤና ጣቢያ ይጠይቁ።

ለማንም ሳይናገሩ መግባት

ዳር ለሚቀር ሰው የሚመለሱበትን ሰዓት ይንገሩት። ስልክዎን ውኃ በማያስገባ ከረጢት አድርገው ከጃኬትዎ ጋር ይሰሩት፤ ካያኩ ላይ ካሰሩት አብሮት ይሄዳል።