መብራት ቢጠፋም የሚዜም የድራማ ሙዚቃ እንዴት ይሰራል

ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ስንኖር ግቢያችን ውስጥ ስምንት ቤት ነበር፣ ደህና ቲቪ ያለው ግን አንዱ ቤት ብቻ ነው፣ ስለዚ ድራማው የሚተላለፍ ቀን ማታ ሁላችንም እዛ ነን። ልጆቹ መሬት ላይ፣ ትልልቆቹ ፍራሹ ላይ፣ እናቴ በሩ ጋ በርጩማ ላይ። አንድ ቀን ታዲያ ልጅቷ ስንት አመት የጠፋ አባቷን ልታገኝ በሩን ስታንኳኳ፣ ያቺ የማሲንቆ ዜማ ልትገባ ስትል፣ መብራት ድርግም አለ። ማንም አልተነሳም። ከዛ ጥጉ ላይ የተቀመጠችው ጎረቤታችን ቀስ ብላ እምምም እያለች ዜማውን ጀመረችው፣ ልጆቹ ተቀበሏት፣ ትንሽ ቆይቶ ቤቱ በሙሉ በጨለማ ያዜም ነበር፣ እናቴ ስታለቅስ የሰማሁት ያኔ ነው። ምስል የለ፣ ተዋናይ የለ፣ ዜማው ብቻ።

ያ ግቢ አሁን የለም፣ 2016 ላይ ሰፈሩ ሲፈርስ ሁሉም በየአቅጣጫው ተበተነ። ዜማው ግን አለ። እኔም ኪቦርድ ተጫዋች ሆኜ ለድራማ ማጀቢያ መስራት የጀመርኩት በዛች ማታ ምክንያት ነው ብል አልዋሸሁም። አሁን ዩቲዩብ ላይ ድራማ የሚጀምሩ ልጆች "ሙዚቃውን እንዴት እናድርገው" እያሉ ስለሚጠይቁኝ የማውቀውን በሙሉ እዚህ ልፃፈው፣ አንዳንዱ ጋ ሊረዝም ይችላል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልበል፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመጣው። ሰው ለአመታት ይዞት የሚዞረው የድራማ ሙዚቃ በጣም ቆንጆው አይደለም፣ ቃሉን የጠበቀው ነው። ማለትም በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ ማለቱን ያልቀየረ፣ ለእናትየው ናፍቆት ከተሰራ ለእናትየው ናፍቆት ብቻ የገባ፣ ለመኪና ማሳደድ ለሰርግ ለምናምን ያልተበተነ። እናቴን ያስለቀሳት ማሲንቆው አይደለም፣ ማሲንቆው ከዛ በፊት በመጣባቸው ሳምንታት ሁሉ ስለዚያች ልጅ ብቻ ማውራቱ ነው።

እሺ ወደ ስራው። ኪቦርዱን አትክፈቱ ገና። መጀመሪያ ስክሪፕቱን አንብቡ፣ እና ስታነቡ የምትፈልጉት ያልተባለውን ነው። እኛ ሀገር ሰው ሆዱ እያረረ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው የሚለው፣ እናት ሳትበላ "እኔ ጠግቤያለሁ" ትላለች፣ አባት ልጁን እንደሚወደው ሳይነግረው ይሞታል፣ እና ሙዚቃ የሚገባው እዛች ክፍተት ውስጥ ነው። ገፀ ባህሪው በአፉ የተናገረውን ሙዚቃው ከደገመው ትርፍ ነገር ነው የሚሆነው። ስለዚ ለእያንዳንዱ ዋና ገፀ ባህሪ አንድ አረፍተ ነገር ፃፉ፣ "ይሄ ሰው ሊናገር የማይችለው ነገር ምንድነው?" መልሱ ካልመጣ ዳይሬክተሩን ያዙትና አስወሩት፣ ፋይል ላክልኝ ብቻ አትበሉት፣ ቁጭ ብሎ በቃሉ ይተርክላችሁ። የሙዚቃ ደራሲው አንጀሎ ባዳላሜንቲ እ.ኤ.አ. በ1990 ለተላለፈው ትዊን ፒክስ ለሚባል የአሜሪካ ድራማ የላውራ ፓልመርን ዜማ ያገኘው እንደዛ ነው፣ ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች አጠገቡ ተቀምጦ ጨለማውን ጫካ፣ ከዛፎቹ መሀል የምትመጣውን ብቸኛ ልጅ እየተረከለት እሱ ኪቦርዱ ላይ እየተከተለው።

ከዛ አዚሙት። ገና በአፍ ነው። ከአራት እስከ ሰባት ኖታ ይበቃል፣ ስልካችሁ ላይ ቅዱትና እደሩበት። ጠዋት ስልኩን ሳትከፍቱ ከመጣላችሁ ደህና፣ ካልመጣ ጣሉት፣ አትዘኑለት። ሁለተኛው ፈተና እኔ የመብራት ፈተና የምለው ነው። ሙዚቀኛ ያልሆነ ሰው ምረጡ፣ እህታችሁ ሽንኩርት ስትከትፍ ወይ ጎረቤት ቡና ስታፈላ ሶስቴ አጫውቱላት፣ ስሚልኝ አትበሏት። በማግስቱ "ትናንት የነበረችው ዜማ እንዴት ነበረች" በሏት። የመጀመሪያዎቹን አራት ኖታ እንኳን ካንጎራጎረች ስራችሁን ቀጥሉ። ካላስታወሰች ችግሩ የአሬንጅመንት አይደለም፣ የዜማው ነው፣ ሃያ ቫዮሊን ብትደርቡበት አይድንም።

ቅኝቱ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ትልቅ ሀብት እያለን የምናባክነው። ብዙ ልጆች የፈረንጅ ማይነር ኮርድ ፒያኖ ላይ ዘርግተው "አሳዛኝ" ይላሉ፣ ይሰራል፣ ግን የማንም ነው። ትዝታን እዩት፣ ከዶ ብትነሱ ሜጀሩ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ ማይነሩ ላይ ሚ እና ላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላሉ፣ በቃ ሌላው እንዳለ ነው። ይሄ ምን ማለት መሰላችሁ፣ ቤተሰቡ አብሮ እያለ በሜጀር የሰራችሁትን ዜማ አንዱ ሲሞት ያንኑ ዜማ ሁለት ኖታ ብቻ ቀይራችሁ ልትመልሱት ትችላላችሁ። ተመልካቹ ምን እንደተቀየረ አያውቅም፣ ግን ያው ቤት ያው ሶፋ ሆኖ አንድ ሰው እንደጎደለ በጆሮው ይሰማዋል። እኔ ከዚህ የበለጠ ዘዴ አላገኘሁም እስካሁን። አንቺሆዬንም አትፍሩት፣ ሰርግ ቤት የምንጨፍርበት ቅኝት ነው ብላችሁ አትለፉት፣ ዶ እና ሬ ፍላት (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ ፋ እና ሶል ፍላት እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ በአንድ ክራር በዝግታ ሲመታ የሚስጥርና የጥርጣሬ ነገር አለው። አምባሰልና ባቲንም እንደዚሁ በዝግታም በፍጥነትም ሞክሯቸው፣ ቅኝት ስሜት አይደለም፣ ስሜቱን የሚያመጣው አመታቱና ቦታው ነው።

በገናን ግን ተጠንቀቁ። አስር አውታሩ፣ ያ እዝዝ የሚለው ድምፁ፣ ሰው ከአብይ ፆም ከፀሎት ጋር ነው የሚያውቀው፣ ስለዚ በመጣ ቁጥር ያንን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ስር ብታስገቡት ያማል። ንስሃ ላለ፣ ሞት ላለ ትዕይንት፣ ያውም በድራማው ሙሉ አንዴ ብቻ።

መሳሪያ ስትመርጡ ለአንድ ሰው አንድ መሳሪያ። አያትየው ዋሽንት ከሆነች ዋሽንት ናት፣ ሌላው አይንካባት። ከተቻለ ደግሞ እውነተኛ ተጫዋች አምጡ እባካችሁ፣ የማሲንቆ ሳምፕል፣ ማለትም ኪቦርድ ላይ የሚጫወቱት ተቀድቶ የተቀመጠ ድምፅ፣ ኖታውን ይመታል እንጂ በሁለቱ ኖታ መሀል ያለውን መንሸራተት አይችልበትም፣ ሰውን የሚያስለቅሰው ደግሞ እሱ መሀል ያለው ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እኮ እዚሁ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ማሲንቆና ክራር የሚማሩ ልጆች አሉ፣ ሂዱና ተዋወቋቸው፣ ለአንድ ሰአት ቀረፃ የሚገባቸውን ክፈሏቸው። ስትቀዱ መጀመሪያ ክራሩን ነው፣ ከዛ ኪቦርዱን ፋይን ቲዩን አድርጋችሁ (ቅኝቱን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ ዝቅ አድርጋችሁ) ወደ ክራሩ አምጡት፣ ክራርተኛውን ወደ ኪቦርዱ አትጎትቱት፣ አውታሩ የሚወደው ቦታ አለ፣ ከዛ ስታነሱት ድምፁ ይደርቃል። የፕሮጀክቱን ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) 48 ኪሎኸርዝ አድርጉት፣ የቪዲዮ ስታንዳርድ እሱ ስለሆነ በኋላ ከኤዲተሩ ጋር አትጣሉም።

አሁን ዋናው፣ የት ይግባ የሚለው። ከኤዲተሩ ጋር ቁጭ በሉና ክፍሉን ያለ ምንም ሙዚቃ እዩት፣ ባዶውን። ሙዚቃ የማያስፈልገው ትዕይንት ከምታስቡት በላይ ብዙ ነው። የኛ ድራማዎች ላይ በጣም የሚያናድደኝ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስር ስሩን የማይቆም ፓድ (ተዘርግቶ የሚቆይ የኪቦርድ ድምፅ) መኖሩ ነው፣ ሁሌ ካለ ጆሮ ይተወዋል፣ እንደ ፍሪጅ ድምፅ ይሆናል፣ ከዛ ሞት ሲመጣ ምን ልትጨምሩ ነው? ለሰላሳ ደቂቃ ክፍል የገፀ ባህሪው ዜማ ከመግቢያው ውጪ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ጭራሽ ያልመጣበት ክፍል ቢኖር ደግሞ ጥሩ ነው፣ ይናፍቅ።

አገባቡ ላይ፣ ከእንባው በፊት አትግቡ። ልጅቷ ልታለቅስ ስትል ሙዚቃው ቀድሞ ካለቀሰ ተመልካቹ የታዘዘ ይመስለዋል። ቃሉ ይለቅ፣ አንድ ትንፋሽ ይለፍ፣ ሰውየው በሩን ዘግቶ ይውጣ፣ ከዛ የመጀመሪያዋ ኖታ። በሰከንድ 25 ፍሬም ከተቀረፀና ቴምፖው በደቂቃ 60 ምት ከሆነ አንድ ምት 25 ፍሬም ነው፣ ስለዚ አንድ ምት ማዘግየት አንድ ሰከንድ ነው፣ ይቺን ሰከንድ ወደፊት ወደኋላ እያደረጋችሁ ሞክሩ፣ ልዩነቱን ታያላችሁ። እኔ አንዳንዴ ግማሽ ቀን በአንዲት ሰከንድ ላይ ቁጭ እላለሁ።

መከልከል ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ማየት ከፈለጋችሁ ጌም ኦፍ ትሮንስ የሚባለውን የአሜሪካ ድራማ አስታውሱ። ሙዚቃውን የሰራው ራሚን ጃዋዲ እስከ ስድስተኛው ሲዝን መጨረሻ ድረስ በቼሎና በከበሮ በኮረስ ነው የያዘው፣ ከዛ እ.ኤ.አ. 2016 ላይ የስድስተኛው ሲዝን የመጨረሻ ክፍል ሲጀምር ፒያኖ መጣ፣ ተከታታዩ ውስጥ እስከዛ ተሰምቶ የማያውቅ። ገና ምንም ሳይፈጠር ሰው ሁሉ "የሆነ ነገር ሊመጣ ነው" ብሎ ተቀመጠ። ፒያኖ እኮ ተራ መሳሪያ ነው፣ ጉልበት የሰጠው ያን ሁሉ ጊዜ መቅረቱ ነው። አንጎላችንም እንደዛ ነው የሚሰራው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ሞንትሪያል ላይ ተመራማሪዎች ሰዎች የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ አንጎላቸውን መርምረው ዶፓሚን (ከደስታ ስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎል ኬሚካል) የሚለቀቀው የሚወዱት ቦታ ሲደርስ ብቻ ሳይሆን ከዛ በፊት እየጠበቁት ሳለም እንደሆነ አይተዋል። ስለዚ የምታስጠብቁት ነገር እንዲኖራችሁ መጀመሪያ አስለምዱ፣ ከዛ ንፈጉ።

ሚክሱን፣ ማለትም ድምፆቹን ማመጣጠኑን፣ በአጭሩ። ንግግር ስር የሚገባ ሙዚቃ ከ1 እስከ 4 ኪሎኸርዝ አካባቢ ትንሽ ቀንሱለት፣ ቃል ጥርት ብሎ የሚሰማው እዛ ጋ ስለሆነ። ዋሽንትና ማሲንቆ እዛው ስለሚጮሁ ሰው እያወራ ሶሎ አታስገቡ። ስትጨርሱ በስልክ ስፒከር ስሙት፣ ቤዙ ስልክ ላይ ይጠፋል፣ ዜማው ቤዙ ላይ ከሆነ አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ሌላ የተማርኩት ነገር ከቱርክ ድራማዎች ነው። 2008 ላይ ቃና ቲቪ ሲጀምር እናቴ ከሰፈሩ ሁሉ ጋር በአማርኛ ድምፅ የተተረጎሙትን ድራማዎች መከታተል ጀመረች፣ እኔ መጀመሪያ ብዙም አልወደድኩትም ነበር፣ በኋላ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ድራማ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ የተዋናዩ ድምፅ ይወጣል፣ ሙዚቃና ኢፌክቱ ግን በሌላ ትራክ ስለሚመጣ እንዳለ ይቀራል። ስለዚ ኢስታንቡል ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው ሙዚቃ ነው ሳይነካ ፒያሳ የገባው፣ እናቴን የነካት የእነሱ ቃል አይደለም፣ ቃሉማ ተቀይሯል። ከዛን ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ትዕይንት ስጨርስ ንግግሩን አጥፍቼ በሙዚቃ ብቻ አየዋለሁ፣ ማን ማንን እንደሚወድ ካልገባኝ ደግሜ እሰራለሁ። እናንተም አድርጉት፣ ስትሰሩ ሙዚቃውን ከንግግሩ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ ድራማችሁ ነገ ወደ ኦሮምኛ ወይ ወደ ሌላ ቋንቋ ቢመለስ ሙዚቃው ነው አብሮ የሚሄደው።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ዜማውን ሙሉውን ስጡ። እስከዛ ቆራርጣችሁ ነው የሰጣችሁት፣ አሁን ከመጀመሪያ ኖታ እስከ መጨረሻዋ ሳይቆረጥ ይሂድ፣ ዳይሬክተሩ "ረዘመ" ቢል እንኳን ተከራከሩ።

ፋይል ስታስረክቡ ደግሞ ይሄን እባካችሁ አትርሱ። ባለፈው ያቺ በጨለማ ዜማውን የጀመረችው ጎረቤታችን ደወለችልኝ፣ አሁን የምትኖረው ሩቅ ነው፣ "ያቺ የድራማዋ ሙዚቃ አለችህ?" አለችኝ። ያለኝ ያኔ በኖኪያ ስልክ ከቲቪው ስፒከር የቀዳሁት ነው፣ አርባ ሰከንድ፣ ኋላው ላይ ልጅ ያስላል፣ የሲኒ ድምፅ አለ፣ መጨረሻው ላይ አስተዋዋቂው ይገባበታል። በቴሌግራም ላኩላት። ትንሽ ቆይታ ደውላ ስለ ዜማው ምንም አላለችኝም፣ "የሚያስለው የእኔ ልጅ እኮ ነው" አለችኝ፣ ከዛ ዝም ተባባልን። ሙሉውን ንፁሁን ፈልጌ የትም አላገኘሁትም። ስለዚ እናንተ ንግግር የሌለበት፣ ያልተቆረጠ፣ ዋቭ (ያልተጨመቀ የድምፅ ፋይል) የሆነ አንድ ቅጂ ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፣ ማሲንቆ የመታውን ልጅ ስም ፋይሉ ላይ ፃፉበት፣ አንዱን ቅጂም ድራማው ባለቀ ቀን ሰው ሊያገኘው የሚችልበት ቦታ ልቀቁት።