የአይሱዙዬን ባትሪዎች የገደላቸው ቴፕ

ጠዋት ቁልፉን ሳዞር «ጠቅ» ብሎ ዝም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለተኛዬ ነው! ባትሪ ሻጩን ስረግም ከረምኩ፤ ጥፋቱ ግን የራሴ ነበር።

አይሱዙዬ 24 ቮልት ነው። ሁለት ባለ12 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ይታሰራሉ፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጌቲቭ ጋር። ቮልቱ ይደመራል፣ የሚይዙት አምፒር ግን ያው የአንዱን ያህል ነው። በግፊ አስነስቼ በቴስተር ለካሁ። በድምሩ 28፣ ጥሩ። ለየብቻ ስለካቸው ግን አንዱ 15.2፣ ሌላው 12.8! የባለ15ቱን ክዳን ብከፍት ውሃው ጎድሎ ሳህኖቹ ይታያሉ። ሽታው የተበላሸ እንቁላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቴፑ 12 ቮልት ስለሚፈልግ ገመዱን ከአንዱ ባትሪ ብቻ ቀጥዬለት ነበር። ቴፑ የተቀጠለበት ባትሪ (ባለ12.8ቱ) ሁሌ ይራባል። ዲናሞው ደግሞ ሁለቱንም እኩል ነው የሚያጎርሰው፤ ማን እንደጠገበ አያይም። አንዱ በረሃብ፣ አንዱ በቁንጣን ሞቱ።

ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ገዝቼ ቴፑን በእሱ በኩል አስገባሁ። ባትሪዎቹንም ሁለቱንም ቀየርኩ (ኪሴ አልቅሷል)፤ አዲስ ካሮጌ ጋር ማሰር ያው ጣጣ ነው። አሁን ስለካ 14 እና 14።