ማግኔቶ ሲፈተሽ ሞተሩ ከተርገፈገፈ፣ መጀመሪያ የታችኛውን ካንዴላ ፍቱ

ዴንቨር አካባቢ በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ መካኒክ ነኝ። ከሁሉ በላይ የሚመጣልኝ ብልሽት አንድ ነው። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን ይፈትሻል። ሞተሩ ሁለት ማግኔቶ አለው፤ ማግኔቶ ለካንዴላ ብልጭታ የሚሰጠው መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደርም ከላይና ከታች ሁለት ካንዴላ አለው። ቁልፉን ወደ አንዱ ማግኔቶ ብቻ ሲያዞር የሞተሩ ዙር በደቂቃ በ300 ይወርዳል፣ ሞተሩም ይርገፈገፋል። ወደ ሁለቱም ሲመልሰው ደህና ይሆናል። ከዚያ ይደውልልኛል፤ "ማግኔቶው ሞቷል" ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ አልሞተም።

የምጽፈው ባለ አራት ሲሊንደር ላይካሚንግ ሞተር ስላለው፣ ካርቡራቶር ስለሚጠቀመው ሴስና 172 ነው። 172 ኤን በሚባለው ሞዴል ፍተሻው በ1,700 ዙር ይደረጋል። በአንዱ ማግኔቶ ከ125 ዙር በላይ መውረድ የለበትም። የሁለቱ ልዩነትም ከ50 አይበልጥም። ሌላ ሞዴል ካላችሁ ቁጥሩን ከራሳችሁ መመሪያ ውሰዱ።

ቁጥሩን ብቻ አትዩ፣ ድምፁንም ስሙ። ዙሩ ብዙ ወርዶ ሞተሩ ግን ለስላሳ ከሆነ ማግኔቶው ብልጭታ የሚሰጥበት ጊዜ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የመካኒክ ሥራ ነው። ጭራሽ የማይወርድ ከሆነ ደስ አይበላችሁ። ማግኔቶውን የሚያጠፋው ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ቁልፉ ቢጠፋም ማግኔቶው አይጠፋም፤ ፕሮፔለሩን በእጅ ያንቀሳቀሰ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እስኪሠራ ድረስ ማንም እንዳይነካው ማስጠንቀቂያ ጽፋችሁ አንጠልጥሉበት።

ወርዶ የሚርገፈገፍ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ካንዴላ ነው። በተለይ የታችኛው።

ምክንያቱ ነዳጁ ነው። የእነዚህ አውሮፕላኖች ቤንዚን፣ 100 ኤልኤል፣ "ዝቅተኛ እርሳስ" ይባላል እንጂ በሊትር እስከ 0.56 ግራም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። እርሳሱን ከጭሱ ጋር ጠርጎ የሚያስወጣ ቅመም አብሮ አለበት። ይህ ቅመም የሚሠራው ግን ካንዴላው በደንብ ሲግል ነው። አውሮፕላኑ መሬት ላይ በሚኒሞ ሲቆም ካንዴላው ይቀዘቅዛል፣ እርሳሱም እዚያው ይቀራል። ቀስ በቀስ ጠጥሮ የካንዴላውን አፍ ይደፍናል። ብልጭታው መዝለል ሲገባው በእርሳሱ በኩል ያልፋል።

ከፍታው ደግሞ ያባብሰዋል። የእኛ አካባቢ ማረፊያዎች ከ1,500 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ሳሳ ብሏል፤ ካርቡራቶሩ ግን ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ነዳጁ ይበዛል። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ እዚያ የፒስተን አውሮፕላን የሚያበር ሰው ችግሩ ከእኛም ይብስበታል።

አንድ የማስተማሪያ አውሮፕላን በአንድ ወር ሦስት ጊዜ መጣልኝ። ከእኔ በፊት ሌላ ጋራዥ ማግኔቶውን ቀይሮ ባለቤቱን ብዙ ገንዘብ አስከፍሎታል። አራቱን የታች ካንዴላዎች ስፈታ የጎመን ዘር የሚያክሉ ግራጫ ጠጠሮች ሞልተዋቸዋል። አጽድቼ መለስኩት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ከተማሪው ጎን ተቀምጬ ወጣሁ። ነዳጁን የሚመጥነው ቀዩ የሚክስቸር እጀታ እስከ መጨረሻው ተገፍቷል፣ ማለትም ነዳጁ ሙሉ ነው፣ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ወረፋው 20 ደቂቃ። ተማሪው እጀታውን አንዴም አልነካውም፤ ያስተማረውም የለም። ይህ በጣም ያናድደኛል። አስተማሪ መሬት ላይ ነዳጅ መቀነስን ካላሳየ ካንዴላውን የሚደፍነው ራሱ ነው።

ሜዳ ላይ እያላችሁ ከገጠማችሁ እንዲህ አድርጉ። ከኋላችሁ ሰው አለመኖሩን እዩ። ፍሬኑን ይዛችሁ ወደ 1,800 ወይም 2,000 ዙር ውጡ። ቀዩን እጀታ ዙሩ ከፍ ብሎ ሊርገፈገፍ እስኪል ቀስ እያላችሁ ሳቡት። ሙቀቱን እያያችሁ 30 ሰከንድ ያህል ያዙትና እንደገና ፈትሹ። ሁለተኛ ሙከራ ካላጠራው ተመለሱ። "አየር ላይ ይስተካከላል" ብሎ መነሳት የለም።

ሀንጋር ውስጥ የትኛው ሲሊንደር እንደሆነ ለማወቅ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሱና በሚርገፈገፍበት ማግኔቶ ብቻ ለአንድ ደቂቃ አሠሩት። በሚክስቸር አጥፉት፣ ቁልፉን ዝጉና አውጡ። ከዚያ በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር የእያንዳንዱን ሲሊንደር የጭስ መውጫ ቱቦ ለኩ። ቀዝቃዛው እሱ ነው። ስትለኩ ከፕሮፔለሩ ራቁ፤ ቁልፉ ስለወጣ ብቻ አትመኑት።

ጠጠሩን በቀጭን ሹል ብረት ቀስ ብላችሁ አውጡ። ነጩን ሸክላ አትጫኑት። ከዚያ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ፤ የውስጡን ሬዚስታንስ በቴስተር ለኩ። ከ5,000 ኦም በላይ ከሆነ ጣሉት። መፈተሻ ማሽን ላይ ደህና ብልጭታ የሰጠ፣ ሲለካ ግን ከ20,000 ያለፈ ካንዴላ በእጄ ይዣለሁ። ርካሽ ብሎ ከማይታወቅ ሻጭ ያገለገለ ካንዴላ የሚገዛ ሰው ይህንን ነው የሚገዛው።

የተለመደው ወፍራም ኤሌክትሮድ ክፍተት ከ0.41 እስከ 0.53 ሚሊሜትር ነው። ስትመልሱ የታቹን ካንዴላ ከላይ፣ የላዩን ከታች ግጠሙ። የመዳብ ቀለበቱ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን። በላይካሚንግ ማጥበቂያው 35 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም 47 ኒውተን ሜትር ነው፤ በግምት አታጥብቁ።

የወደቀ ካንዴላ አይገባም። አዲስም ቢሆን፣ ከጠረጴዛ ቢወድቅም አይገባም! የተሰነጠቀ ሸክላ ይግልና ነዳጁን ያለ ጊዜው ያቀጣጥላል። በዚህ የቀለጠ ፒስተን አይቻለሁ። የወደቀው ካንዴላ ጠረግ ተደርጎ ነበር የተመለሰው።

እንዳይመለስባችሁ ሞተሩ እንደተነሳ ቀዩን እጀታ በደንብ ሳቡት። በጣም መሳብ ይሻላል፤ ረስታችሁ ስሮትሉን፣ ማለትም የጋዝ እጀታውን፣ ብትገፉ ሞተሩ ይንገጫገጭና ያስታውሳችኋል። በግማሽ የተሳበ ግን አደገኛ ነው፤ ሳታውቁት ልትነሱበት ትችላላችሁ። ከ3,000 ጫማ በላይ ስትነሱም ሙሉ ስሮትል ሰጥታችሁ፣ ሚክስቸሩን ዙሩ ከሁሉ ከፍ እስኪል ሳቡ። መመሪያውም የሚለው ይህንኑ ነው። ስታጠፉ ደግሞ ዙሩን እዩ። እጀታው ሲሳብ ከ50 በላይ ከጨመረ የሚኒሞው ነዳጅ በዝቷል፣ መካኒክ ያስተካክለው።

አሜሪካ ውስጥ ካንዴላ ማጽዳትና መቀየር ፈቃድ ላለው አብራሪ ባለቤት ይፈቀዳል። መዝገቡ ላይ ግን ጻፉት።

ካንዴላው በዘይት ርሶ ከወጣ ጉዳዩ የፒስተን ቀለበት ሊሆን ይችላል። ካንዴላው ንጹሕ ሆኖ ከተርገፈገፈ ከማግኔቶው ወደ ካንዴላው የሚሄደውን ኬብል አስፈትሹ። ጠዋት በቅዝቃዜ ሲነሳ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ተርገፍግፎ የሚለቅ ከሆነ ግን ከማግኔቶ ፍተሻው ጋር አታምታቱት። የጭስ ማውጫ ቫልቭ መጣበቅ ጀምሯል፤ ሲሞቅ ስለተወው ድኗል ማለት አይደለም። ሳይታይ አትብረሩበት።