ከጅማ ሆኖ በኢንተርኔት የጽሑፍ ሥራ ገቢ ማግኘት

በኢንተርኔት ጽፎ ገንዘብ ማግኘት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከመጻፉ ነው፤ እኔ ግን ከባንክ ቢጀምር እመርጣለሁ። ሥራው ተጠናቆና ደንበኛው ረክቶ ሳለ ክፍያው መንገድ ላይ እንዲቀር ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ስም ነው። የውጭ አገር ቅጾች የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፣ እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይሞላል፣ የባንክ ደብተሩ ላይ ግን ሦስቱም ስሞች ተከታትለው ይገኛሉ። መሐመድ የሚለውን ስም ብቻ ብናይ በላቲን ፊደል በብዙ መልክ ሲጻፍ ይታያል፤ መታወቂያው በአንዱ፣ ባንኩ በሌላው ጽፎት ከሆነ ላኪው ድርጅት ክፍያውን ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ሒሳብ ከመክፈትዎ በፊት በመታወቂያዎና በባንክዎ ያለው የስም አጻጻፍ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ካልሆነም አስቀድመው ያስተካክሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ገንዘቡ የሚገባበት መንገድ ነው። የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት የሆነው ፔይፓል በኢትዮጵያ ለተከፈተ ሒሳብ ገንዘብ መላክን እንጂ መቀበልን ስለማይፈቅድ፣ በፔይፓል ብቻ እከፍላለሁ ከሚል ደንበኛ ጋር ሥራ ከመጀመር በፊት ሌላ መንገድ መነጋገር ያስፈልጋል። ፔዮኒር የተባለውን ሌላ የክፍያ አገልግሎት የሚጠቀሙ አሉ፤ ቋሚ ደንበኛ ካለዎት ደግሞ በስዊፍት ኮድ፣ ማለትም በባንክዎ ዓለም አቀፍ መለያ፣ በቀጥታ ወደ ባንክ ማስላክም ይቻላል። ከባንኩ ሠራተኛ ዘንድ ቀርበው ከውጭ በዶላር የሚገባ የአገልግሎት ክፍያ በምን ተመን እንደሚመነዘርና ስንት እንደሚቆረጥ ይጠይቁ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ መልሱ ከባንክ ባንክ ሊለያይ ይችላል። የመካከለኛውን ድርሻም አይርሱ፦ ሠሪንና ደንበኛን በኢንተርኔት የሚያገናኘው ፋይቨር ከሻጩ ገቢ 20 በመቶ ስለሚወስድ የ50 ዶላር ሥራ ሠርተው የሚደርስዎ 40 ዶላር ነው፤ የማስተላለፊያ ክፍያ ከዚያ ላይ ይቀነሳል።

ምን ልሽጥ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ጅማ ያደገ ሰው እንደ ቀላል የሚቆጥረውን ነገር የሚል ነው። ከአማርኛና ከአፋን ኦሮሞ ጋር እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም፤ በትርጉም ገበያ ላይ ግን በሦስቱም ቋንቋዎች በጥንቃቄ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም። ጎግል ትርጉም አማርኛን በ2016 እ.ኤ.አ.፣ አፋን ኦሮሞን በ2022 እ.ኤ.አ. ካስገባ ወዲህ የሥራው መልክ ተለውጧል፤ ብዙ ደንበኞች ማሽን የተረጎመውን አርሙልን ይላሉ፣ የሚከፍሉትም ለአዲስ ትርጉም ከሚከፍሉት ያነሰ ነው። ሥራውን ከመቀበልዎ በፊት አንድ ገጽ ናሙና ይጠይቁና ያርሙት፤ ከባዶ ከመተርጎም የበለጠ ጊዜ ከወሰደብዎ ዋጋውን ከፍ ያድርጉ ወይም ይተዉት።

ሁለተኛው ሀብት ቡና ነው። በውጭ አገር ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው ስለሚገዛው ቡና የሚጻፍ ገለጻ ይፈልጋል፣ የሚያገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም ሊጽፈው የሚችል ውዳሴ ነው። ቀይ እሸቱ ከነልጣጩ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል (ደረቅ ቡና) እስኪሆን ሁለትና ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ እንዳይሻግት በየጊዜው እንደሚገላበጥ፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው እንደሚሸፈን፣ የታጠበው ቡና ከዚህ በምን እንደሚለይ ያየ ሰው በሁለት አንቀጽ የሚጽፈው ነገር ከዚያ ውዳሴ ይበልጣል። መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከልና የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሟቸው ጥናቶች ያዩትን በማስረጃ ለማጠናከር ይረዳሉ። እንዲህ ያሉ ሁለት ሦስት ናሙናዎችን ማንም ሳያዝዝዎ ጽፈው ያስቀምጡ፤ ደንበኛ የሚመርጥዎ ከዲግሪዎ ይልቅ በእነርሱ ነው።

ዋጋ ሲነጋገሩ ክፍያው በቃል ከሆነ የሚቆጠረው የየትኛው ቋንቋ ቃል እንደሆነ በጽሑፍ ይስማሙ። እንግሊዝኛ አምስት ቃላት የሚያወጣበትን ሐሳብ እኛ «አልነገርኳቸውም» ብለን በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን፤ በአማርኛው ቃል ቁጥር የተስማማ ተርጓሚ ድካሙን ሳያውቀው በቅናሽ ሸጠ ማለት ነው። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲተረጉሙ በመነሻው ጽሑፍ ቃል ያስቆጥሩ። የነጻ ሙከራንም ከ200 ወይም ከ300 ቃል አያሳልፉ፤ እኔ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ደንበኛ ለሙከራ ያለውን 3,000 ቃል ተርጉሜ ከላክሁለት በኋላ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።

የፊደል አጣጣል ተራ ጉዳይ ይመስላል፣ ነገር ግን ሥራ ያስመልሳል። የኢትዮጵያ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ ደረጃ፣ በዩኒኮድ፣ ከተካተተ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ረጅም ጊዜ ቢሆነውም፣ ዛሬም በድሮ የግዕዝ ፎንት ተጽፎ ደንበኛው ዘንድ ሲደርስ ትርጉም የለሽ ምልክት የሚሆን ጽሑፍ ያጋጥማል። አራት ነጥብን ሁለት ሁለት ነጥቦችን ደርድሮ የሚሠራም አለ፤ ለዓይን ይመሳሰላል፣ የተርጓሚዎች ፕሮግራም ግን ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ ስለማያውቅ አንቀጹን በሙሉ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይወስደዋል። ሀና ሐን፣ ሰና ሠን የምንጠቀምበትም መንገድ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

በማስታወቂያ የሚገኘው ገቢ እምብዛም አያጓጓኝም። በድረ ገጽዎ ላይ ማስታወቂያ የሚያወጣው የጎግል አገልግሎት፣ አድሴንስ፣ የሚከፍለው ሒሳቡ 100 ዶላር ሲሞላ ነው፣ 10 ዶላር ላይ ሲደርስም የማረጋገጫ ቁጥር በፖስታ ይልካል፤ ደብዳቤ ቤት ለቤት በማይታደልበት አገር የፖስታ ሣጥን መከራየት ግድ ይሆናል። ቴሌግራም ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ወዲህ 1,000 ተከታይ ላለው ቻናል የማስታወቂያውን ገቢ ግማሽ የሚሰጠው ቶንኮይን በተባለ ዲጂታል ገንዘብ ስለሆነ ወደ ብር መቀየሩ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ታሪክ በድምፅ ለሚያቀርቡ የትረካ ቻናሎች ጽሑፍ ማዘጋጀት ይሻላል፤ የሌላን ሰው መጽሐፍ ያለ ፈቃድ መተርጎም ግን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መብትን መጣስ ነው።

የታይፕ ሥራ አለ፣ አስቀድመህ የመመዝገቢያ ክፈል የሚል መልእክት ሲደርስዎ መልስ አይስጡ፤ አሠሪ ይከፍላል እንጂ አያስከፍልም። ገቢው መደጋገም ሲጀምር የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጥተው የከተማውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ።

የማስረከቢያ ቀጠሮ ሲሰጥዎ ሰዓቱን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰው ወረቀት ላይ ይጻፉት። የለንደን ደንበኛ በክረምታቸው ሰኞ 9 ሰዓት ሲል ለእኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው ብሎ የተጣደፈ ሦስት ሰዓት ያተርፋል፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው ብሎ የተቀመጠ ግን ሦስት ሰዓት ያረፍዳል። መብራት ሊጠፋም ስለሚችል ፋይሉ በዋዜማው በስልክዎ ላይም ተቀምጦ ይደር።