ወደ አይፒቪ6 ስትሻገሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ገብታችሁ ስለ አይፒቪ6 (IPv6፣ አሮጌውን አይፒቪ4 እንዲተካ ስለተሠራው አዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት) ብታነሱ «እኛ ገና አልጀመርንም» የሚል መልስ አታጡም። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ጀምራችኋል። ዊንዶውሱም ስልኩም አይፒቪ6ን ክፍት አድርጎ ነው የሚመጣው፤ መሣሪያዎቻችሁ እርስ በርስ በእሱ እያወሩ ሊሆን ይችላል፣ ፋየርዎላችሁ (ወደ ኔትወርኩ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚያጣራው ዘብ) ግን የተጻፈለት የአይፒቪ4 ሕግ ብቻ ነው። የአንዱን ስትጽፉ የሌላውንም አብራችሁ ጻፉ። በተለይ «ናት (NAT፣ ብዙ መሣሪያ በአንድ አድራሻ ወደ ውጭ የሚያወጣው ዘዴ) ይሸፍነናል» የምትሉ ተጠንቀቁ። አሁን እያንዳንዱ ካሜራና ፕሪንተር ከውጭ የሚደረስበት የራሱ አድራሻ ሊኖረው ይችላል፤ የሚከላከልለት ፋየርዎሉ ነው።

ፋየርዎል ካነሳን አይቀር፣ አይሲኤምፒን (ICMP፣ የኔትወርክ መሣሪያዎች የስህተት መልእክት የሚላላኩበትን) ድርግም አድርጎ የመዝጋት ልማድ ይቅር። በአይፒቪ6 መንገድ ላይ ያሉ ራውተሮች ትልቅ ፓኬት (የዳታ ጥቅል) አይቆራርጡም። «ይሄ አያልፍም፣ አሳንሰህ ላክ» የሚለውን መልእክት በአይሲኤምፒ ይመልሳሉ። ከዘጋችሁት መልእክቱ አይደርስም። ሎግኢን ገጹ ይከፈታል፣ ፋይል ስትልኩ ግን ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ሁሉም «ኔትወርኩ ነው» ማለት ይጀምራል።

ሌላው ቁጠባ ነው። አይፒቪ4 በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ብቻ ስላለው፣ የዓለም ማዕከላዊ ክምችቱም በ2011 እ.ኤ.አ. ስላለቀ፣ መቆጠብ ለምደናል። እዚህ አትቆጥቡ። ለአንድ ላን (የቢሮ ውስጥ ኔትወርክ) ስላሽ 64 (/64፣ የአድራሻው ግማሽ ለመሣሪያዎች የሚተውበት ክልል) ስጡ፤ ካጠበባችሁት መሣሪያዎች አድራሻቸውን ራሳቸው የሚያወጡበት ዘዴ አይሠራም። በኮሪደር ልማቱ ከካዛንቺስ ወይም ከፒያሳ ቢሮ የቀየራችሁ፣ ኬብል እንደ አዲስ ስትዘረጉ የአድራሻ ዕቅዱንም አብራችሁ ሥሩት።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝ ግን ሥራውን የኔትወርክ ሰው ላይ ብቻ መጣል ነው። አፕሊኬሽኑስ? ዳታቤዙ ውስጥ ለአይፒ አድራሻ የተተወው ቦታ 15 ካራክተር ከሆነ አዲሱ አይገባበትም፤ እስከ 39 ይደርሳል፣ 45 ብታደርጉት አስተማማኝ ነው። አድራሻው ራሱ በኮለን (:) ስለሚጻፍ፣ ኮለን ፈልጎ ፖርት (ከአድራሻው ቀጥሎ የሚጻፈውን የአገልግሎት ቁጥር) የሚለይ ኮድ ይሳሳታል። አንዱ አድራሻ ዜሮዎቹ ተዘልለውም ሳይዘለሉም ስለሚጻፍ እንደ ተራ ጽሑፍ አታወዳድሩት። ከባንክ ጋር የክፍያ ሲስተም ያገናኛችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦ ባንኩ የፈቀደላችሁ የአይፒቪ4 አድራሻችሁን ብቻ ከሆነ፣ ሁለቱም ሰርቨሮች አንድ ቀን በአይፒቪ6 መነጋገር ሲጀምሩ ክፍያው ከበር ይመለሳል፣ እናንተ ግን ኮዱ ላይ የተነካ ነገር ፍለጋ ስትደክሙ ትውላላችሁ።

ዲኤንኤስ (የሳይት ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ሥርዓት) ላይ ኳድ ኤ ሬከርድ (AAAA፣ ስሙን ከአይፒቪ6 አድራሻ ጋር የሚያገናኘውን መዝገብ) አስቀድሞ ማስገባትም ደንበኛ ያስመርራል። ሰርቨሩ በአይፒቪ6 የማይመልስ ከሆነ ብሮውዘሮች ቶሎ ወደ አይፒቪ4 ስለሚዞሩ ችግሩ ላይታያችሁ ይችላል፤ አሮጌ አፕ ግን ዝም ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ሬከርዱን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ላፕቶፕ ላይ አይፒቪ4ን አጥፉና የተለመደውን የቀን ሥራ ሞክሩበት። ከመላው ቢሮ ማጥፋት ግን አሁን አይታሰብም፤ ብዙ ሳይቶች ገና በአይፒቪ4 ብቻ ስለሚሠሩ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ።